ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮና ሥራ ያጡት የቶሪኖ ልጆች

በየቁምስናችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ ቆመው የሚውሉ ወጣቶች አሉ። ከፊሎቹ ትምህርታቸውን የጨረሱ፣ ከፊሎቹ ከመንገድ ያቋረጡ ናቸው። ቀኑ እሑድ ስለ ሆነ አቋቋማቸው ማንንም አያስነውርም፤ የሚያሳዝነው ሰኞም ማክሰኞም በዚያው ስፍራ መገኘታቸው ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን በየዓመቱ ጃንዋሪ 31 ቀን የምታስበው ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ በክህነቱ የመጀመሪያ ዓመታት ያገኛቸው ልጆች ከእነዚህ ብዙም የሚለዩ አልነበሩም። ስለዚህ ቅዱስ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ሕልሞቹንና ተአምራቱን ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ብዙ የማይነገርለትን ሥራውን፣ ማለትም ሥራ ላጣ ልጅ ሙያና ዋስ ለማግኘት የደከመውን ድካም እንተርካለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዮሐንስ ኦገስት 16 ቀን 1815 በሰሜን ኢጣሊያ በፒየሞንቴ ምድር፣ ከቶሪኖ ከተማ ብዙም በማይርቀው በካስቴልኑዎቮ አጠገብ፣ ቤኪ በምትባል መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው አባቱ ፍራንቸስኮ በሳንባ ምች ሞቱ። እናቱ ማርጌሪታ ኦክዬና ፊደል ያልቆጠሩ፣ ነገር ግን ትምህርተ ክርስቶስን በቃላቸው የያዙ ሴት ነበሩ፤ የእንጀራ ልጃቸውን አንቶኒዮን፣ እንዲሁም ዮሴፍንና ዮሐንስን በድህነትና በሥራ አሳደጉ። ዮሐንስ ካህን ለመሆን ይመኝ ነበር። አንቶኒዮ ግን የገበሬ ልጅ ከመጽሐፍ ምንም አያተርፍም ብሎ አጥብቆ ስለ ተቃወመ፣ እናቲቱ ለቤታቸው ሰላም ሲሉ ትንሹን ልጅ ወደ ሌላ ሰው እርሻ ለመስደድ ተገደዱ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ በሞሊያ ቤተሰብ ዘንድ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ከብት እየጠበቀና እርሻ እያገዘ ኖረ። እንግዲህ እንጀራ ፍለጋ ከእናቱ ጉያ የሚወጣ ልጅ ምን እንደሚሰማው ሌላ ሰው አልነገረውም።

በኋላ ትምህርቱን ሲቀጥል የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። በካስቴልኑዎቮ በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት አድሮ እየተማረ፣ በትርፍ ጊዜው ቁልፍ መትከልና ልብስ መቍረጥ ለመደ፤ ከአንድ ቀጥቃጭ ዘንድም መዶሻና ወናፍ ያዘ። በ1831 ወደ ኪየሪ ከተማ ሄዶ ከፍተኛውን ትምህርት ሲጀምር ደግሞ በአንድ ቡና ቤት እየሠራ፣ ከደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ስፍራ ይተኛ ነበር፤ እዚያም ጣፋጭና መጠጥ ማዘጋጀትን ተማረ። ከእነዚህ ሙያዎች አንዱንም እስከ ፍጻሜው ዘልቆ የተካነ አይመስለንም። ሆኖም ወስፌና መጋዝ የያዘ እጅ እንዴት እንደሚደክም ያወቀ ካህን ከመሆኑ በፊት ነው። በአገራችን ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባለ፣ ሸማኔውና ፋቂው እየተናቁ ብዙ ዘመን መኖራችንን፣ ዳግማዊ ምኒልክም በ1908 ባለ እጆችን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸውን የሚያስታውስ አንባቢ፣ የካህን ተማሪ ልብስ ሰፊ ዘንድ መቀመጡን እንደ ቀላል ነገር አያልፈውም።

ዮሐንስ በኪየሪ ዘርአ ክህነት ከተማረ በኋላ ጁን 5 ቀን 1841 በቶሪኖ ማዕርገ ክህነት ተቀበለ። በኢጣሊያ ልማድ ካህን ዶን ስለሚባል ዶን ቦስኮ የሚለው ስም ከዚህ በኋላ የወጣለት ነው። ወዲያው ሹመት አልፈለገም፤ የአገሩ ልጅና መምህረ ንስሐው በሆኑት በአባ ዮሴፍ ካፋሶ ምክር በቶሪኖ ለወጣት ካህናት በተዘጋጀው ቤት ቆይቶ ትምህርቱን አጠናከረ። በኋላ ራሳቸው ከቅዱሳን የተቈጠሩት አባ ካፋሶ ወኅኒ ቤት እየወሰዱ እስረኞችን ያስጐበኙት ነበር። ዶን ቦስኮ በዚያ ያየው ነገር እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት የሆናቸው፣ ጤናማና ብልህ ልጆች በተባይ እየተበሉ ያለ ሥራ ተቀምጠው ነበር። ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠው ግን ሌላ ነው። የእስራታቸውን ዘመን ፈጽመው በመልካም አሳብ የወጡት ሳይቈዩ ተመልሰው ይታሰሩ ነበር። ምክንያቱን ሲመረምር፣ ከበሩ ውጭ የሚጠብቃቸው ሰው፣ የሚያስጠጋቸው ቤት፣ የሚቀጥራቸው አሠሪ አለመኖሩ ሆኖ አገኘው።

የዚያን ዘመን ቶሪኖ በፍጥነት የሚያድግ ከተማ ነበረ። በ1838 ወደ 117 ሺሕ የነበረው ሕዝብ በ1848 ወደ 137 ሺሕ ደርሶአል። አዳዲስ ሕንፃዎች ስለሚሠሩ ከሳቮያ፣ ከአኦስታ ሸለቆ፣ ከቢየላና ከሎምባርዲያ ተራሮች ልጆች እየወረዱ ጡብና ጭቃ ይሸከሙ፣ ድንጋይ ይጠርቡ፣ ግድግዳ ይለስኑ ነበር። ሌሎቹ የጭስ ማውጫ ይጠርጋሉ፣ ጫማ ይጠርጋሉ፤ እኛ ሊስትሮ የምንለው ቃል ራሱ ከኢጣሊያንኛ የመጣ ነው። ክረምት ሲገባና ግንባታ ሲቆም ሁሉም ሥራ ፈት ይሆናሉ። በ1844 ንጉሥ ካርሎ አልቤርቶ የጥንቶቹን የእጅ ባለሙያዎች ማኅበራት ስላፈረሱ፣ እነዚህ ማኅበራት ለተለማማጁ ይሰጡት የነበረው ጥቂት ጥበቃ እንኳ ቀረ። ባለ ሱቁ ልጁን ሙያ አስተምርሃለሁ ብሎ ወስዶ ውኃ ቢያስቀዳው፣ ቢያስላላከው፣ ቢመታው፣ እሑድም ቢያሠራው የሚከራከርለት አልነበረም።

ዲሴምበር 8 ቀን 1841፣ በጽንሰታ ለማርያም በዓል፣ ዶን ቦስኮ በቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ ሲዘጋጅ፣ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ቅዳሴ ማገልገል የማይችል አንድ ልጅ በዱላ ሲያባርር አየ። ልጁን ተመልሶ እንዲመጣ አስጠራው። ስሙ ባርቶሎሜዎ ጋሬሊ ነበረ፤ የአስቲ አገር ሰው፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ግንበኛ፣ አባትና እናቱ የሞቱበት፣ ማንበብም መጻፍም የማይችል። ካህኑ መዝሙር ትችላለህን ብሎ ቢጠይቀው አልችልም አለ፤ ማፏጨትስ ሲለው ግን ልጁ ሣቀ። ከቅዳሴው በኋላ ትእምርተ መስቀል አስተማረውና በሚመጣው እሑድ ጓደኞቹን ይዞ እንዲመጣ ለመነው። መጡም። ኦራቶሪዮ የተባለው የእሑድ ጉባኤ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ትምህርተ ክርስቶስና ጨዋታ፣ ንስሐና ሩጫ በአንድነት የሚገኙበት ነበረ። ጫጫታውን የማይወዱ ጐረቤቶች ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ሲያሳድዷቸው ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ በ1846 በትንሣኤ በዓል ቫልዶኮ በሚባል የከተማ ዳርቻ በአንድ ዝቅተኛ መጋዘን ውስጥ ተጠለሉ።

በዚያው ዓመት ዶን ቦስኮ በድካም ታሞ ሊሞት ቀርቦ ነበር። ሲያገግም ከእናቱ ጋር ወደ ቫልዶኮ ተመለሰ። እማማ ማርጌሪታ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቷቸው ነበር፤ እርሻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ለማያውቋቸው ልጆች እናት ሊሆኑ መጡ። መጀመሪያ ያስጠጓቸው ልጆች በሌሊት አንሶላና ብርድ ልብስ ሰርቀው ጠፉ። በ1847 በጸደይ ወራት በአንድ ዝናባማ ማታ ግን ከቫልሴዝያ ሥራ ፍለጋ የመጣ የአሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሆነ ግንበኛ በስብሶ በራቸውን አንኳኳ። የነበረችውን ጥቂት ገንዘብ ጨርሶ ሥራም አላገኘም። እማማ ማርጌሪታ ሾርባና ዳቦ ሰጥተውት፣ በወጥ ቤት በጡብ ላይ ሳንቃ ደርድረው አነጠፉለት። ከመተኛቱ በፊትም ስለ ሥራ፣ ስለ ታማኝነትና ስለ ሃይማኖት ጥቂት ቃል ነገሩት፤ በሳሌዚያን ቤቶች ሁሉ ከመኝታ በፊት የሚነገረው አጭር ምክር የመጣው ከዚያች ማታ ነው። በሩን ግን ቈልፈውበት ተኙ ይባላል። ከድስታቸው ጋር እንዳይጠፋ ፈርተው ነበርና፣ ማን ይፈርድባቸዋል?

ዶን ቦስኮ በሥራ ቀናት በግንባታው ሥፍራ እየዞረ፣ ልጆቹን በየመሰላሉ ሥር ያነጋግራቸው ነበር፤ ሥራ ላጣው አሠሪ ይፈልግለታል፣ ክፉ አሠሪ የያዘውን ያስለቅቀዋል። ማታ ማታ ንባብ፣ ሒሳብና ሥዕል የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1850 በመንግሥቱ አዲሱ የሜትርና የኪሎ መለኪያ በሕግ ሲጸና ያልተማረ ሠራተኛ በገበያ እንዳይታለል ብሎ፣ አንድ ዓመት ቀደም አድርጎ በቀላል ቋንቋ መጽሐፍ አዘጋጀላቸው። በዚያው በ1850 ወጣት ሠራተኞቹ እርስ በርሳቸው የሚረዳዱበት ማኅበር አቋቋመ፤ እያንዳንዱ በየእሑዱ አንድ ሶልዶ ያዋጣል፣ አባል የታመመ እንደ ሆነ እስኪድን በቀን ሃምሳ ሳንቲም ይሰጠዋል። አንባቢ እድራችንን ቢያስብ አይሳሳትም፤ ልዩነቱ ለቀብር ሳይሆን ለሕያው መሆኑ ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለእኛ ይበልጥ ድንቅ ሆኖ የሚታየን ግን አንድ ወረቀት ነው። ከ1851 ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ዶን ቦስኮ ልጆቹን ለባለሙያ የሚሰጠው በቃል ሳይሆን በተጻፈ ውል ሆነ። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1852 የተፈረመው ውል ጁዜፔ ኦዳሶ የተባለውን ልጅ ለአናጢው ለጁዜፔ ቤርቶሊኖ ለሁለት ዓመት ይሰጣል። አናጢው ሙያውን በሙሉ ሊያስተምረው፣ ከሙያው ውጭ የሆነ ሥራ ላያዝዘው፣ ሲያጠፋ በቃል እንጂ በሌላ መንገድ ላይቀጣው፣ የበዓላትን ቀን ሙሉ በሙሉ ሊተውለት፣ በዓመት የአሥራ አምስት ቀን ዕረፍት ሊሰጠውና ደመወዙን ደረጃ በደረጃ ሊያሳድግለት ይገደዳል። ልጁ በበኩሉ ታዛዥ፣ ትጉና ታማኝ ሊሆን ቃል ይገባል፤ አባቱ ልጁ ለሚያደርሰው ጥፋት ዋስ ይሆናል፤ ዶን ቦስኮም ጠባዩን ይከታተላል። ልጁ በጥፋቱ ከኦራቶሪዮው ቢባረር የካህኑ ኃላፊነት ያበቃል።

ይህን ውል ዛሬ ስናነበው ተራ የሠራተኛ ሕግ ይመስለናል። በዚያ ዘመን ግን እንደዚህ ያለ ሕግ ለአናጢ ተለማማጅ አልነበረውም። ዶን ቦስኮ መንግሥት ሕግ እስኪያወጣ አልጠበቀም፤ ባለ ሱቁንም ጠላት አድርጎ አልፈረጀውም፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ አስፈረመው። ሥራ አጥነትን ከቶሪኖ አጠፋ ማለት አይደለም። የሥራ ብዛት በእጁ አልነበረም። በእጁ የነበረው፣ ማንም የማያውቀውን ልጅ የሚታወቅ ማድረግ፣ ስሙን ከአዋቂዎች ስም ጋር አንድ ወረቀት ላይ ማኖር ነበር።

ውሉ ብቻውን እንደማይበቃ ግን ሳይውል ሳያድር ተረዳ። ልጆቹ ቀን በከተማ ሱቆች የሚሰሙትና የሚያዩት ነገር ማታ በቤት የተዘራውን ይነቅለው ነበር። ስለዚህ በ1853 በቫልዶኮ ራሱ የጫማ ስፌትና የልብስ ስፌት ክፍል ከፈተ። የጫማው ክፍል በአንዲት መተላለፊያ የተቀመጡ ጥቂት በርጩማዎች ብቻ ነበሩ፤ ወስፌና መዶሻ ይዞ መጀመሪያ ያስተማረውም እርሱ ራሱ ነው። በ1854 የመጽሐፍ ጥረዛ ተከተለ። የታተሙ ገጾች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አንዱን ልጅ ጠራዥ አድርጎ ሾመው፤ ልጁ ሙያውን አላውቅም ቢል፣ እማማ ማርጌሪታ በዱቄት ባበሰሉት ማጣበቂያ አብረው ሠሩና ብዙ እየተሣቀ የመጀመሪያው መጽሐፍ ተጠረዘ። በ1856 አናጢነት ተጨመረ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር እማማ ማርጌሪታ ዐረፉ። ማተሚያ ቤቱና የብረት ሥራው ከ1861 በኋላ ተከታትለው መጡ።

ይህ ሁሉ ያለ እንቅፋት የሆነ እንዳይመስለን። ከውጭ በደመወዝ የተቀጠሩት ባለሙያዎች ለራሳቸው ጥቅም እንጂ ለልጆቹ ትምህርት አይጨነቁም ነበር። ሥራውን በኃላፊነት ሲሰጣቸው ደግሞ ልጆቹን እንደ ሎሌ ተጠቀሙባቸው። ዶን ቦስኮ አንዱን ሥርዓት ሞክሮ ሲከሽፍ ሌላውን ይሞክር ነበር። መፍትሔው የተገኘው፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1859 ከተመሠረተው ከሳሌዚያን ማኅበር ውስጥ ክህነት ሳይቀበሉ ገዳማዊ መሐላ የሚፈጽሙ ወንድሞች የየሙያው አለቆች ሲሆኑ ነው። አናጢው መምህር ራሱ ለእግዚአብሔር የተለየ ሰው ሆነ። በእኛ አስተያየት የዚህ ማኅበር ትልቁ ጥበብ እዚህ ላይ ይገኛል፤ ካህኑና ጫማ ሰፊው በአንድ ማዕድ፣ በአንድ መሐላ ይኖራሉና።

የሙያ ምርጫውም ቢሆን የሚያነጋግር ነው። ፋብሪካ በሚስፋፋበት ዘመን ጫማ ሰፊ ማብዛት ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ትክክል ነበር። ነገር ግን መጀመሪያ የተከፈቱት ክፍሎች ለልጆቹ ራሳቸው ጫማና ልብስ ያስፈልግ ስለ ነበረ ነው፤ ድኻ ቤት ከሚያስፈልገው ይጀምራል። ማተሚያ ቤቱ ግን ወደ ፊት የተመለከተ ሥራ ነበረ። ቅዱሱ በ1877 የወረቀት ፋብሪካ እስከ መያዝ ደረሰ። በ1884 በቶሪኖ በተደረገው ብሔራዊ ትርኢት ልጆቹና ወንድሞቹ ወረቀት ሲሠሩ፣ ፊደል ሲለቅሙ፣ ሲያትሙና ሲጠርዙ ሕዝብ እየቆመ ይመለከታቸው ነበር። ዳኞቹ የብር ሜዳልያ ሲሰጡት ዶን ቦስኮ አልተቀበለም፤ የልጆቹ ሥራ አንሶ መገመቱ አሳዘነው። በራሱ ላይ የተነገረውን ስድብ በዝምታ ያሳለፈ ሰው በፊደል ለቃሚዎቹና በጠራዦቹ ምክንያት ተቃውሞ ጻፈ።

በዚህ ሥራ እርሱ ብቻ አልነበረም። በቶሪኖ አባ ጆቫኒ ኮኪ በ1849 ለወጣት የእጅ ባለሙያዎች ቤት ከፍተው ነበር፤ በኋላ ቅዱስ ሊዮናርዶ ሙሪያልዶ መርተውታል። ለሴቶች ልጆች ደግሞ በሞርኔዜ መንደር ማርያም ማዛሬሎ፣ ተስቦ ጉልበቷን ከወሰደባት በኋላ እርሻውን ትታ መርፌ አነሣች፤ ልጃገረዶችን ሰብስባ ስፌት ታስተምር ነበር። በ1872 ከዶን ቦስኮ ጋር የክርስቲያኖች ረዳት የማርያም ልጆች የተባለውን ማኅበር መሠረተች፤ ዛሬ ቅድስት ተብላ ትከበራለች። በ1875 የመጀመሪያዎቹ ሳሌዚያን ሚስዮናውያን ወደ አርጀንቲና ተጓዙ፤ ትንሽ ቈይተውም በቦነስ አይረስ የሙያ ትምህርት ክፍሎች ከፈቱ። በ1886 የማኅበሩ ጉባኤ ለተለማማጆች የሃይማኖት፣ የዕውቀትና የሙያ ትምህርት በአንድነት እንዲሰጥ ወሰነ፤ ተለማማጅነት ቀርቶ ትምህርት ቤትነት እየጸና ሄደ።

ዶን ቦስኮ ጃንዋሪ 31 ቀን 1888 ጎህ ሲቀድ በቫልዶኮ ዐረፈ። ማኅበሩ በዚያን ጊዜ ከ770 በላይ አባላት ነበሩት። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 11ኛ በ1934 በትንሣኤ ቀን ቅድስናውን አወጁ፤ ፒዮስ 12ኛ ደግሞ በ1958 የኢጣሊያ ተለማማጅ ሠራተኞች ጠባቂ አደረጉት። ልጆቹ ወደ አገራችን የመጡት በ1975 ነው፤ በመቀሌ ጀምረው በአዲስ አበባ፣ በዝዋይ፣ በዲላና በሌሎችም ስፍራዎች ከጸሎት ቤቱ ጎን የእንጨትና የብረት ሥራ ክፍሎችን አቁመዋል።

የ1852ቱ ውል እስከ ዛሬ በማኅበሩ መዝገብ ቤት ተጠብቆ ይገኛል። ቴምብር ያለበት የመንግሥት ወረቀት ነው። በግርጌው የአናጢው፣ የልጁ፣ የአባቱና የካህኑ ፊርማ አለ።